የተወለዱበት ማዋለጃ ፈርሶ መዝገቡም ጠፍቶ ከሆነ፦ ከውጭ አገር ሆኖ የልደት ማስረጃ ማውጣት

አብዛኛው ሰው ፍለጋውን ከተሳሳተ በር ነው የሚጀምረው። ግሪን ካርድ፣ የቤተሰብ ጥሪ ወይም የጡረታ ጉዳይ የልደት ማስረጃ ሲጠይቅ፣ አዲስ አበባ ላለች እህት ወይም አክስት ይደወልና «እስቲ የተወለድኩበት ሆስፒታል ሄደሽ ጠይቂልኝ» ይባላል። ሄዳ ስታይ ቦታው በቆርቆሮ ታጥሯል፤ ጥበቃው የሚያውቀው ነገር የለም። ጉዳዩ ያኔ ያበቃለት ይመስላል። ግን አላበቃም፤ የሆስፒታሉ የወሊድ መዝገብ የሕክምና ሥራ ደብተር እንጂ ሕጋዊ የልደት ምዝገባ ሆኖ አያውቅም።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ፣ ማለትም ልደት፣ ጋብቻና ሞት ስለሚጻፍበት መዝገብ፣ በዝርዝር ደንግጎ ነበር። ያው ሕግ ግን መጨረሻው አካባቢ፣ በቁጥር 3361፣ መዝገቡ በነጋሪት ጋዜጣ ትእዛዝ እስኪታወጅ ይቆይ አለ። እንደ ቆየም ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ከወጣ በኋላ፣ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ክረምት ነው። ከዚያ በፊት የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ለጠየቀው ሰው የልደት ካርድ ይሰጥ ነበር፤ ካልቸገረው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነበር። ስለዚህ በ1960ዎቹ፣ በ70ዎቹ ወይም በ80ዎቹ የተወለደ ሰው «መዝገቤ ጠፋ» ሲል፣ ብዙውን ጊዜ የጠፋ መዝገብ የለውም፤ መጀመሪያውኑ አልተመዘገበም። የሚያስፈልገው ድሮ ያልተመዘገበ ልደት ዛሬ እንዲመዘገብ ማድረግ ነው። ወሳኝ ኩነት ቢሮ የሚሠሩ ሰዎች ይህን «ውዝፍ» ይሉታል። ቦታውም ወላጆች ይኖሩበት የነበረው ወረዳ እንጂ ሆስፒታሉ የነበረበት ሰፈር አይደለም።

ያም ሆኖ ሆስፒታሉን ሙሉ በሙሉ ከመተዋችሁ በፊት አንድ ነገር አጣሩ፤ ፈርሷል ወይስ ስሙ ተቀይሯል? እናት «ቤተ ሳይዳ ነው የወለድኩህ» ካለች፣ ያ ሆስፒታል በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ከዚያም የካቲት 12 ተብሏል። ልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ የዛሬው ጦር ኃይሎች ነው። ልዑል መኮንን ያለች ደግሞ ጥቁር አንበሳን ማለቷ ነው። ዘውዲቱ፣ ራስ ደስታና ጋንዲ ስማቸውን እንደያዙ አሉ። የግል ክሊኒክ ከነበረና ተዘግቶ ከሆነ፣ ፈቃድ ይሰጥና ይቆጣጠር የነበረው ጤና ቢሮ ዘንድ ባለፈቃዱ ማን እንደነበረ ይጠየቃል።

ሆስፒታሉ ካለ፣ «የእገሌን ካርድ ፈልጉልኝ» ብሎ የሄደ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። የወሊድ መዝገብ የሚሞላው በቀን ቅደም ተከተል ነው፤ የሚጻፈውም የእናት ስም ነው፤ ሕፃኑ ያኔ ስም አልወጣለትም። መዝገብ ክፍሉ የሚፈልገው የእናት ሙሉ ስም እስከ አያት፣ በወቅቱ የነበራት ዕድሜ፣ አድራሻዋ፣ እና ከተቻለ ወሩ ነው። «በ1974 ነው» ብቻ ማለት አሥራ ሁለት ወር ሙሉ ገጽ በገጽ አገላብጡልኝ ማለት ነው፤ የሚያገላብጥ አይገኝም። መዝገቡ ከሌለም ጉዞው ከንቱ አይሆንም፤ «በተጠቀሰው ጊዜ የነበረው መዝገብ በተቋሙ አይገኝም» የሚል፣ ቁጥርና ቀን ያለው፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይዞ መውጣት ነው። ይህ ወረቀት በኋላ ለውጭው አገር መሥሪያ ቤት ይጠቅማል።

ቀጥሎ የሚመጣው ትውስታ ነው፤ እሱ ላይ ጊዜ ማጥፋት ያዋጣል። እናትን፣ አክስትን፣ ጎረቤትን «መቼ ተወለድኩ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «እኔ እንጃ ልጄ» ይሏችኋል። በዙሪያው ያለውን ጠይቁ፦ ዝናብ ነበር? የሰዓት እላፊ ስለነበር እስኪነጋ ጠብቃችሁ ነው ወደ ሆስፒታል የሄዳችሁት? ገንፎውን ማን ይዞ መጣ? ጾም ነበር ወይስ ፍስክ? የየትኛው ታቦት ዕለት ነበር? ብዙ እናቶች ቀኑን በቁጥር አያስታውሱም፤ «ለማርያም አጥቢያ» ግን አይረሱም። ለማርያም አጥቢያ ማለት በ20 ማታ ለ21 የሚነጋው ሌሊት ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተወለደን ልጅ ቤተሰቡ በ20 ሊቆጥረው ይችላል፤ በፈረንጅ ሰዓት የሚጽፍ አዋላጅ ግን 21 ይላል። የአንድ ቀን ልዩነት የምትመጣው ብዙውን ጊዜ ከዚህ ነው፤ የማን ስህተት ነው ብሎ መጨቃጨቅ አያስፈልግም፤ አንዱን መርጦ በሁሉም ወረቀት ላይ ያንኑ መያዝ ነው።

የክርስትና ካርድ ካለ ቀኑን ለማስላት የተሻለ መነሻ የለም። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ይነሳሉ። የተወለደበትን ቀን አንድ ብላችሁ ከቆጠራችሁ፣ ወንድ ከሆነ ከክርስትናው 1 ወር ከ9 ቀን፣ ሴት ከሆነች 2 ወር ከ19 ቀን ወደ ኋላ መመለስ ነው። ኅዳር 12 ክርስትና የተነሳ ወንድ ጥቅምት 3 ተወለደ ማለት ነው። በመካከል ጳጉሜን ከገባች 5ቱን ወይም 6ቱን ቀን መቁጠር አትርሱ። ካርዱ ከጠፋ ደብሩ የክርስትና መዝገብ ይኖረዋል፤ እዚያ ግን የሚፈለገው በክርስትና ስም ነው። በመታወቂያ ስም የጠየቀ «የለም» ተብሎ ይመለሳል፤ የክርስትና አባት ወይም እናት ስም ቢጨመር ፍለጋው ይቀላል።

አሁን ወደ ዘመን መለወጥ። ይህ የስንቱን ፋይል አበላሽቷል። ታኅሣሥ 22 ቀን 1972 ዓ.ም. በፈረንጅ ስንት ነው? በተለመደው ዓመት ታኅሣሥ 22 ዲሴምበር 31 ላይ ይውላል። 1971 ግን ጳጉሜን 6 የሆነችበት ዓመት ስለነበረ፣ መስከረም 1 ቀን 1972 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ላይ ነው፤ ሁሉም ቀን እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ በአንድ ይገፋል። ስለዚህ ትክክለኛው ጃንዋሪ 1 ቀን 1980 ነው። ቀመሩን በግምት የያዘ ሰው ዲሴምበር 31 ቀን 1979 ብሎ ይጽፋል፤ አንዲት ቀን ስታ ዓመቱን ይዛው ትሄዳለች። በዚያ ላይ በስደት የወጡ ብዙዎች ቀናቸው ሳይታወቅ ሲቀር ጃንዋሪ 1 ተብለው ስለተመዘገቡ፣ እውነተኛ የጃንዋሪ 1 ልደት ያለውም ይጠረጠራል። የምስክር ወረቀቱ ሲወጣ ሁለቱም ዘመን አብረው መጻፋቸውን እዩ፤ የአውሮፓው ቀን ፓስፖርታችሁ ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ ከመቀበላችሁ በፊት ተናገሩ። አንዴ መዝገብ ላይ ከሰፈረ በኋላ የልደት ቀን ወይም የወላጅ ስም ማስለወጥ ፍርድ ቤት የሚያደርስ ጣጣ አለው።

ስምም እንደዚሁ ነው። ኃይሉ እና ሀይሉ፣ ፀሐይ እና ጸሀይ ለኛ አንድ ናቸው፤ ኮምፒውተር ላይ ግን ሌላ ሰው ናቸው። ገብረ ሥላሴ ተለያይቶ ወይስ ተጋጥሞ? በላቲን ፊደል ፓስፖርታችሁ ላይ ያለውን አጻጻፍ ፊደል በፊደል፣ ፎቶ ኮፒውን አያይዛችሁ ለወኪላችሁ ላኩ፤ በስልክ አታስጽፉ። በባሏ ስም የምትጠራ ሴት የልደት ካርዷ በአባቷ ስም ነው የሚወጣው፤ ሁለቱን የሚያገናኘው የጋብቻ ወይም የስም ለውጥ ወረቀት አብሮ ይሂድ።

ለወረዳው የሚቀርበው ማስረጃ ከየት ይገኛል? ቀዳሚው የቀበሌ ማኅደር ነው፤ የቤተሰብ አባላት ከነዕድሜያቸው የተዘረዘሩበት ቅጽ እዚያ ውስጥ አለ። ችግሩ አድራሻው ነው። «ከፍተኛ» እና «ቀበሌ» የሚሉት የደርግ ዘመን ቁጥሮች በክፍለ ከተማና በወረዳ ከተተኩ ቆይቷል፤ ቀበሌዎች ተዋሕደዋል፤ ለሚ ኩራ 11ኛ ክፍለ ከተማ ሆኖ ሲወጣም ከቦሌና ከየካ የተወሰደ ሰፈር አለ። በኮሪደር ልማቱ ፒያሳና ካዛንችስ ሲነሱ ደግሞ ነዋሪው ገላን ጉራንና ሌሎች ቦታዎችን ይዟል። ሰፈሩ ፈረሰ ማለት ማኅደሩ ጠፋ ማለት አይደለም። ወኪላችሁ የድሮውን ከፍተኛ፣ ቀበሌና የቤት ቁጥር ይዞ፣ በመጀመሪያ ሰፈሩን የተረከበውን ወረዳ፣ ካጣ ክፍለ ከተማውን ይጠይቅ። ቤተሰቡ መሸኛ ይዞ የሄደ ከሆነ ማኅደሩ የሄደበትን መሸኛው ያሳያል።

ሰዎች የማያስቧቸው ሌሎች ምንጮችም አሉ። አባት የመንግሥት ሠራተኛ ከነበረ፣ የግል ማኅደሩ ውስጥ ያለው የሕይወት ታሪክ ቅጽ ላይ የልጆቹን ስምና የልደት ዘመን ሞልቷል፤ እሱም ለእናንተ ቪዛ ብሎ የሞላው ስላልሆነ ይታመናል። የተማሪ ካርድ፣ የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪና የማትሪክ ወረቀት፣ የክትባት ካርድ፣ የድሮ ፓስፖርት ወይም ሊሴ ፓሴ (በፓስፖርት ፈንታ የሚሰጥ የጉዞ ሰነድ)፣ ጀርባው ላይ ቀን የተጻፈበት ፎቶግራፍ ሁሉም ይሰብሰብ። ያረጀ ወረቀት፣ ቢቀደድም፣ ትናንት ከታተመ ንጹሕ ካርድ ይበልጣል።

ውክልናው ሰፊ ሳይሆን ግልጽ ይሁን። «በማናቸውም ጉዳይ» የሚል ጠቅላላ ውክልና ብዙ መስኮት ላይ ይመለሳል። እንዲህ ቢባል ይበቃል፦ «የልደት ምዝገባዬን እንዲያስፈጽምልኝ፣ የልደት ምስክር ወረቀት እንዲያወጣልኝ፣ ስህተት ቢገኝ እንዲያሳርምልኝ፣ ከወረዳ፣ ከትምህርት ቤት፣ ከጤና ተቋምና ከቤተ ክርስቲያን ስለ እኔ የሚገኝ ማስረጃ እንዲጠይቅና እንዲቀበል፣ ሰነዱን በሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች እንዲያረጋግጥ ወክዬዋለሁ።» የወኪሉ ስም መታወቂያው ላይ እንዳለው ይጻፍ። ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ቀርባችሁ ትፈርማላችሁ፤ ሰነዱ አዲስ አበባ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል፤ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ይመዘገባል። እነዚህን ደረጃዎች ዘሎ በቀጥታ ወረዳ የሄደ ወኪል ሙሉ ቀን ተሰልፎ ይመለሳል። ከውክልናው ጋር የፓስፖርት ኮፒ፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ካለ ኮፒው፣ እና ስድስት ጉርድ ፎቶ ይላክ፤ አራት ይበቃል ቢባልም ሁለቱ ይተርፋሉ እንጂ አይጎዱም። ወኪሉ ፋይዳ፣ ማለትም ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ፣ ያለው ሰው ቢሆን መልካም ነው። ካርዱ ሲወጣም በዚያው እጁ ውጭ ጉዳይ አስረጋግጦ ይላከው፤ ለማረጋገጫ ተመልሶ ከውጭ መላክ ሁለት ጊዜ የፖስታ ወጪ ነው።

ደላላ «በሦስት ቀን አወጣልሃለሁ» ካለ ሽሹ። መዝገብ ላይ የሌለ ካርድ ማኅተሙ ቢያምርም፣ የሚያጣራው ሰው ወረዳው ድረስ ሄዶ ሲጠይቅ ይጋለጣል። በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ሐሰተኛ ሰነድ ማቅረብ ዕድሜ ልክ ሊያስከለክል ይችላል፤ ሰነድ አልነበረኝም ማለት ግን ጥፋት አይደለም።

የአሜሪካው አሠራር እንዲያውም ለዚህ መንገድ አዘጋጅቷል። ዋናው ሰነድ ከሌለ፣ አለመኖሩን የሚገልጽ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፤ ቀጥሎ እንደ ክርስትና ካርድና የትምህርት ቤት መዝገብ ያለ ሁለተኛ ደረጃ ማስረጃ፤ እሱም ከጠፋ የሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች የመሐላ ቃል። ምስክሮቹ ማመልከቻው ውስጥ ባለጉዳይ ያልሆኑና ነገሩን በዓይናቸው ያዩ መሆን አለባቸው። ቃሉ ውስጥ የምስክሩ ሙሉ ስም፣ አድራሻ፣ የልደት ቀንና ቦታ፣ ከእናንተ ጋር ያለው ዝምድና፣ ያየው ነገር፣ እና እንዴት እንዳወቀ ይግባ። «ሲወለድ አውቃለሁ» ብቻ ዋጋ የለውም፤ «እናቱን በታክሲ ይዤ ሄጄ፣ በማግስቱ ከነሕፃኑ ቤት አስገብቻታለሁ» ያለችው ጎረቤት ምስክር ናት። ዕድሜዋንም አስሉ፤ በ1970 የተወለደች ሴት በ1972 ስለሆነ ወሊድ ስትመሰክር የታየበት ፋይል አለ። ካርዱ ከተወለዳችሁ ከ30 ዓመት በኋላ የወጣ ስለሆነ ብቻውን አያሳምንም፤ ስለዚህ ካርድ ብታገኙም ሁለተኛ ደረጃውን ማስረጃ አብራችሁ አስገቡ። የወላጅና የልጅ ዝምድና ጥያቄ ከሆነና ወረቀቱ አላጠግብ ካለ፣ ቆንስላው የዲኤንኤ ምርመራ ሊጠቁም ይችላል፤ ያኔ ኤኤቢቢ (AABB) የተባለው ለላቦራቶሪዎች እውቅና የሚሰጥ ድርጅት እውቅና የሰጠውን ላቦራቶሪ እናንተ ትመርጣላችሁ፤ ናሙናው የሚወሰደው ግን እነሱ ባሉት ሥርዓት ነው።

ቅጽ ላይ «የትውልድ ቦታ» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ከተማውን ነው፤ አዲስ አበባ ብሎ መሙላት ይበቃል። የተቋሙ ስም ለብቻው ከተጠየቀ በተወለዳችሁበት ጊዜ ይጠራበት የነበረውን ጻፉ፤ የፈረሰውን ማዋለጃ ትታችሁ በቦታው ወይም በአጠገቡ የተሠራውን አዲስ ሆስፒታል አትጻፉ፤ እዚያ ተጠይቆ «እኛ በዚያ ዓመት አልነበርንም» የሚል መልስ ይመጣባችኋል።