ቁስሉ ትንሽ፣ ሕመሙ ብርቱ፦ የስታፍ መርዝ የጎዳውን ልጅ እንዴት ለይተን እናድርስ?

ስታፊሎኮከስ (በአጭሩ ስታፍ) የሚባለው ባክቴሪያ በብዙ ጤነኛ ሰው አፍንጫና ቆዳ ላይ ይኖራል። አንዳንዱ ዝርያ ግን መርዝ ያመነጫል፤ መርዙም በደም ተጉዞ ከቁስሉ የራቀውን አካል ይጎዳል። ስለዚህ የሕመሙን ክብደት በቁስሉ ስፋት አትለኩት።

ቆዳ የሚልጠው ዓይነት በአብዛኛው ከ5 ዓመት በታች ያሉትን፣ በተለይ አራሶችን ይይዛል፤ ኩላሊታቸው መርዙን ቶሎ አያስወጣምና። ልጁ ያተኩሰዋል፣ ይነጫነጫል፣ ሲያቅፉት ይብስበታል፤ ቆዳው ሲነካ ስለሚያመው ነው። አንገቱ፣ ብብቱና ብሽሽቱ ይቀላል። በጠቆር ያለ ቆዳ ላይ መቅላቱ በደንብ ላይታይ ይችላል፤ በእጃችሁ ጀርባ ሙቀቱን ዳስሱ። በ1 ወይም 2 ቀን ውስጥ ስስ ውሃ ይቋጥርና ትንሽ ሲነካ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ይነሳል። አፉ ዙሪያ ቅርፊት ይሠራል። «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ የሚታሸው ይሄኔ ነው፤ እሽቱ ግን የላላውን ቆዳ ገሽልጦ ያወርደዋል። ዳማከሴውን ለሌላ ቀን አቆዩት።

የከንፈሩን ውስጥም ግለጡና እዩ። በዚህ በሽታ የአፍ ውስጥ ቆዳ አይላጥም። ከቆሰለ ግን መድኃኒት ያስከተለው ሌላ ብርቱ ሕመም ሊሆን ስለሚችል፣ ልጁ ሰሞኑን የወሰደውን መድኃኒት ከነማሸጊያው ይዛችሁ ሂዱ።

ሁለተኛው ዓይነት የደም ግፊትን የሚጥለው ነው። የፈላ ጀበና የተደፋበት ልጅ፣ ቃጠሎው የመዳፍ ያህል ብቻ ቢሆንም፣ ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ትኩሳቱ 39 ከደረሰ፣ ካስመለሰው፣ ካስቀመጠው ወይም ገላው ሽፍ ካለ አትጠብቁ። ቁስሉ ንጹሕ ሊመስል ይችላል፤ ብዙዎች ተራ ተቅማጥ ነው ብለው የሚዘናጉት ለዚህ ነው። የእጁን ጥፍር 3 ሰከንድ ተጭናችሁ ልቀቁ። ቀለሙ በ3 ሰከንድ ካልተመለሰ፣ እጁም ከቀዘቀዘ ደሙ በደንብ እየተዘዋወረ አይደለምና በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ተነሱ።

ከወረኢሉ ወይም ከደላንታ እስከ ደሴ መንገዱ ረጅም፣ ብርዱም ክፉ ነው፤ ቆዳው የተላጠ ልጅ ደግሞ ሙቀትና ውሃ ቶሎ ያጣል። በታጠበ ስስ ነጠላ ጠቅልሉት፣ ጋቢውን ከላይ ደርቡ፤ ሻካራው ጋቢ ቆዳውን አይንካ። የተላጠው ላይ ንጹሕ ቫዝሊን በስሱ ቀቡ። ቅቤ፣ እንቁላል፣ የጥርስ ሳሙና አይቀባም፤ ውሃ የቋጠረውም አይፈርጥ። ነቅቶ የሚውጥ ከሆነ ጡትና ኦአርኤስ (1 ፓኬት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ) በማንኪያ ስጡት። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ይበቃል፦ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም ካለው ሽሮፕ፣ 10 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 5 ሚሊ ሊትር፣ በየ6 ሰዓቱ። አይቡፕሮፌን ኩላሊትን ስለሚጎዳ ይቅር።

ለጤና ጣቢያ ባለሙያ፦ አሞክሳሲሊን ብቻውን አይበቃም፤ አብዛኛው ስታፍ ይሰብረዋል። ክሎክሳሲሊን ከ1 ወር በላይ ለሆነ ልጅ በደም ስር በኪሎ 50 ሚሊ ግራም በየ6 ሰዓቱ ይሰጣል፤ ለአራስ ግን በመጀመሪያው ሳምንት በየ12 ሰዓቱ፣ ከዚያ በኋላ በየ8 ሰዓቱ ነው። የመጀመሪያውን መጠን ሪፈር ሳትጽፉ በፊት ስጡና ሰዓቱን ወረቀቱ ላይ አስፍሩ። ግፊቱ ለወረደ ልጅ ክሊንዳማይሲን ይጨመራል፤ መርዙ እንዳይመረት የሚያግደው እሱ ነው። ቆዳው ለሚላጥ ልጅ ስቴሮይድ አትስጡ።

በጊዜ የታከመ የተላጠ ቆዳ በ2 ሳምንት ገደማ ያለ ጠባሳ ይድናል። ግፊቱ ወርዶ የነበረው ልጅ ደግሞ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ቆይቶ መዳፉና ውስጥ እግሩ ሊላጥ ይችላል፤ ትኩሳት ከሌለው ሕመሙ አገረሸ ብላችሁ አትደንግጡ።