የገና የቤተሰብ ምሳ እንዴት ይታቀዳል፣ የዓመቱ ወሬስ እንዴት ይዳረሳል?

የገና ምሳ ላይ በብዙ ቤት የሚደጋገም ነገር አለ፣ አንዷ እናት ወይ አንዷ እህት ከጠዋት ጀምራ ኪችን ውስጥ ቆማ ትውልና ሰው ሁሉ በልቶ ጨዋታው ሲሞቅ እሷ ደክሟት ሳህን ይዛ መጨረሻ ላይ ትቀመጣለች፣ ያኔ ደሞ ምግቡም ቀዝቅዟል ዋናው ወሬም አልፏታል። እዚህ የምፅፈው ሁሉ ለአንድ ነገር ነው፣ ምግብ የሚሰራው ሰው ከሌላው ጋር እኩል ቁጭ ብሎ እንዲበላ። የዓመቱን ወሬ ማዳረስንም አብሬ ያመጣሁት ብዙ ጊዜ ሁለቱም ስራ እዛው ሰው ላይ ስለሚወድቅና ሁለቱም በመጨረሻው ሰዓት ሲሰሩ ስለሚበላሹ ነው።

1ኛ. ቀኑን ቁረጡ፣ ሰው ቁጠሩ

ሶስት አራት ሳምንት ሲቀረው ጀምሩ። ቀኑማ ይታወቃል ትሉ ይሆናል፣ ቤተሰቡ በተለያየ ቤተክርስቲያን ወይ በተለያየ አገር ካለ ግን ግማሹ ዲሴምበር 25 ያከብራል፣ የድሮውን አቆጣጠር የሚከተሉት ኦርቶዶክሶች ደሞ ጃንዋሪ 7፣ በመሃል 13 ቀን አለ። ይሄ ምግቡንም ይነካል፣ ምክንያቱም ጃንዋሪ 7ን የሚጠብቅ ሰው በዲሴምበር 25 ፆሙን አልጨረሰም፣ ስጋና ወተት የሌለበት በደንብ የሚያጠግብ ነገር ካላዘጋጃችሁ ሰው ጠርታችሁ አስርባችሁ ሸኛችሁ ማለት ነው። ሰላጣ ብቻ አቅርቦ "ለፆመኛም አለ" ማለት በጣም ያሳዝነኛል።

ቀኑ ከተቆረጠ በኋላ ቁጥር ነው። "ማን ይመጣል?" ብላችሁ ግሩፕ ላይ ብትለቁ ሁሉም የልብ ምልክት አድርጎ ያልፋል፣ ማን እንደሚመጣ ግን አታውቁም። ቴሌግራምም ዋትስአፕም ላይ ፖል (ድምፅ መስጫ) አለ፣ "እመጣለሁ"፣ "አልመጣም"፣ "እስከ እሁድ አሳውቃለሁ" ብላችሁ ሶስት ምርጫ ስጡና እሁድ ያልመለሰውን ደውሉለት። እግረ መንገዳችሁን ይሄን ጠይቁ፦ አለርጂ ያለበት አለ ወይ፣ ስኳር ወይ ደም ግፊት ያለበት፣ እርጉዝ፣ ስጋ የማይበላ፣ አልኮል የማይጠጣ። ልጆችን ከነዕድሜያቸው ፃፉ፣ አንድ ዓመት ላልሞላው ህፃን ማር በምንም መልኩ አይሰጥም፣ ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ መመረዝ ሊያመጣበት ይችላል፣ ከአምስት ዓመት በታች ላሉት ደሞ ሙሉ ኦቾሎኒና ሌላ ለውዝ ስለሚያንቅ አታስጠጓቸው፣ ወይን ፍሬም ከሆነ በቁመቱ አራት ቦታ ይቆረጥ። ጠረጴዛው ላይ በሳህን ተደርጎ የሚረሳው ነገር እኮ ነው ልጅ እጅ የሚገባው።

2ኛ. ሜኑውን በኦቨኑ ልክ አውጡ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው ብዬ አስባለሁ፣ ሜኑ የሚወጣው ሰው ምን ይወዳል ተብሎ ብቻ ስለሆነ ነው። አምስት ምግብ ሁሉም ኦቨን የሚፈልግ ሁሉም በዛችው የመጨረሻ ሰዓት የሚሞቅ ከሆነ ኦቨኑ አንድ ነው፣ አይቻልም በቃ። መጀመሪያ ኪችን ገብታችሁ እዩ፣ ምድጃው ስንት ማብሰያ አለው፣ ትልቁ ትሪ ኦቨኑ ውስጥ ይገባል ወይ፣ ፍሪጁ ውስጥ ስንት ድስት ይቀመጣል። ከዛ በዕለቱ ኦቨን የሚይዝ አንድ ዋና ምግብ ብቻ ምረጡ፣ ሁለት ሶስቱ ከዋዜማው ተሰርተው የሚሞቁ ይሁኑ (ወጥና ሾርባ ሲያድር እንደውም ይጣፍጣል)፣ የቀረው ቀዝቃዛ የሚቀርብ ወይ ሰው ይዞት የሚመጣ ይሁን።

መጠኑ ላይ ደሞ፣ ከነአጥንቱ የሚጠበስ ሙሉ ዶሮ ወይ ተርኪ (ከዶሮ የሚተልቀው ወፍ) ሲሆን ለአንድ ሰው ጥሬውን ግማሽ ኪሎ ገደማ ማሰብ ይበቃል፣ አጥንት የሌለው ስጋ ከሆነ የዛን ግማሽ፣ ሩዝ ሳይበስል ከ60 እስከ 75 ግራም። ግን ይሄን ለሁሉም ምግብ በሰው ቁጥር እያባዛችሁ አትሂዱ፣ ሰባት ዓይነት ምግብ ሲቀርብ ሰው ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ነው የሚያነሳው፣ የምግቡ ዓይነት በበዛ ቁጥር የእያንዳንዱ መጠን ይቀንሳል። ከአዲስ ነገር አንድ ብቻ ሞክሩ፣ እሱንም ከበዓሉ በፊት አንዴ ቤት ሰርታችሁ ቅመሱት።

3ኛ. ስራውን በስም ከፋፍሉ

"የሆነ ነገር ይዘን እንመጣለን" የሚል ሰው ጥሩ ሰው ነው ግን ፕላን ውስጥ አይገባም። ስም፣ ምግብ፣ ለስንት ሰው እንደሚበቃ፣ የሚመጣበት ሰዓት፣ እነዚህን አንድ ሊስት ላይ ፃፉና ፒን አድርጉት። ከሩቅ ለሚመጣ ሰው መንገድ ላይ የማይበላሽ ነገር ስጡት፣ ዳቦ፣ ፍራፍሬ፣ መጠጥ። ምግብ መስራት የማይችለው ደሞ ወንበር ያምጣ፣ በረዶ ይግዛ፣ ልጆች ይጠብቅ፣ እቃ ይጠብ። በተለይ እቃ ማጠቡ ከምሳው በፊት ስም ሊወጣለት ይገባል፣ ምግብ ከሰራው ሰው ውጪ የሆነ ስም፣ ያኔ ነው አብሳዩዋ በእውነት ቁጭ የምትለው። ወንድሞችም አጎቶችም ይችላሉ። ወጪውንም በግልፅ ተነጋገሩ፣ መዋጮ ከሆነ መዋጮ ነው ይባል፣ አቅሙ የማይፈቅድለት ካለ ግን በውስጥ መስመር እንጂ ግሩፕ ላይ አይጠየቅ።

4ኛ. ግዢና በረዶ

የማይበላሸውን ከሁለት ሳምንት በፊት፣ አትክልትና ዳቦ አንድ ሁለት ቀን ሲቀረው። ፍሪጁን ከግዢው በፊት ባዶ አድርጉት።

ፍሮዝን የሆነ ትልቅ ዶሮ ወይ ተርኪ ካለ ካላንደር ላይ ፃፉት፣ ፍሪጅ ውስጥ ሆኖ በረዶው እስኪለቅ ለ2 ኪሎ አንድ ሙሉ ቀን ያስፈልገዋል፣ 6 ኪሎ ከሆነ ሶስት ቀን ማለት ነው። ከስር ጠለቅ ያለ ትሪ ይደረግለት፣ ፍሪጁ የታችኛው መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ፣ ውሃው ሰላጣ ላይ እንዳይንጠባጠብ። ውጪ ጠረጴዛ ላይ አሳድሮ ማስለቀቅ አደገኛ ነው፣ መሃሉ ድንጋይ ሆኖ ሳለ ላዩ ሞቆ ባክቴሪያ ይራባበታል። ቀን ካለፈባችሁ ውሃ በማያስገባ ፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ንከሩት፣ ውሃውን በየ30 ደቂቃው ቀይሩ፣ ለአንድ ኪሎ ከአንድ ሰዓት በላይ ትንሽ ይፈልጋል፣ ከዛ ወዲያው ይብሰል። ጥሬ ዶሮ ሲታጠብ ደሞ ውሃው ዙሪያውን ስለሚረጭ የጤና ባለሙያዎች ባይታጠብ ይመርጣሉ፣ ካላጠብኩ አይሆንልኝም የምትሉ ግን ሰላጣና ዳቦ ከአጠገቡ አርቁ፣ ሲጨረስ ሲንኩን በሳሙና እሹት።

5ኛ. ከምሳው ሰዓት ወደ ኋላ ቁጠሩ

ምሳው 8 ሰዓት ነው እንበል። 6 ኪሎ ተርኪ በ165 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ኦቨን ውስጥ ወደ አራት ሰዓት ይፈጃል፣ ከወጣ በኋላም ሳይቆረጥ ግማሽ ሰዓት ገደማ ማረፍ አለበት፣ ያለዚያ ጭማቂው ሰሌዳው ላይ ይፈስና ስጋው ይደርቃል። ስለዚህ 7 ሰዓት ተኩል መውጣት አለበት፣ 3 ሰዓት ተኩል መግባት አለበት፣ ኦቨኑ ደሞ 3 ሰዓት ከሩብ ይለኮስ። እሱ ሲያርፍ ያለችው ግማሽ ሰዓት ወርቅ ናት፣ ኦቨኑ ባዶ ነው፣ ከዋዜማ የተሰራውን ማሞቅ፣ ዳቦ ማስገባት፣ ፊት መታጠብና ልብስ መቀየር ሁሉ እዛ ውስጥ ይገባል። ይሄን ወረቀት ላይ ፅፋችሁ ፍሪጁ በር ላይ ለጥፉት፣ ስልክ ላይ ከሆነ ሌላ ሰው አያየውም፣ ወረቀት ላይ ከሆነ ግን የገባ ሁሉ አይቶ "አሁን እኮ ድንቹ ነው" ብሎ ያግዛል።

መብሰሉን በቀለም አትፍረዱ። የስጋ ቴርሞሜትር ርካሽ እቃ ነው፣ አጥንት ሳይነካ ወፍራሙ ቦታ ላይ ሰክታችሁ 74 ዲግሪ ካላሳየ አልበሰለም፣ ሰዓቱ ቢደርስም።

6ኛ. ሲቀርብና ሲተርፍ

ጨዋታ ሲደራ ምግብ ጠረጴዛ ላይ ይውላል፣ ይሄ በዓል ነው ደስ ይላል፣ ግን የበሰለ ምግብ ውጪ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ፣ ቤቱ ወይ ግቢው ከ32 ዲግሪ በላይ የሚሞቅ ከሆነ ከአንድ ሰዓት በላይ። ሁሉንም አንዴ ከማውጣት ግማሹን አቅርቡ፣ ግማሹ ፍሪጅ ውስጥ ወይ እሳት ላይ ይቆይ። የተረፈውን ትልቅ ድስት ውስጥ እንዳለ ፍሪጅ አታስገቡት፣ መሃሉ ቶሎ አይቀዘቅዝም፣ ጠፍጣፋ እቃ ላይ ከፋፍሉት፣ በሶስት አራት ቀን ውስጥ ይበላ ወይ ፍሪዘር ይግባ። ለሰው ስትቋጥሩም ቀኑን ላዩ ላይ ፃፉለት። እቃ መያዣውን ቀድማችሁ ግዙ፣ ይሄ ሁሌ ይረሳል።

7ኛ. ወሬው

አሁን ወደ ወሬው። የመጀመሪያው የገና ካርድ የወጣው በ1843 ለንደን ውስጥ ነው፣ ሄንሪ ኮል የሚባል ሰው ለደረሰው ደብዳቤ ሁሉ እያንዳንዱን መመለስ ቢያቅተው ስዕል አሰርቶ ወደ ሺህ ካርድ አሳተመ። ችግሩ ዛሬም ያው ነው፣ ለሃምሳ ዘመድ ለየብቻ መፃፍ አይቻልም፣ ለሁሉም አንድ ፎርዋርድ የተደረገ አበባ መላክ ደሞ ምንም አይናገርም።

እኔ የምመክረው እንዲህ ነው። የምግብ ግሩፕና የወሬ ግሩፕ ይለያዩ፣ አለበለዚያ የልጅቷ ምርቃት ፎቶ በ"ድንች ማን ገዛ" መሃል ይጠፋል። ከዛ ከበዓሉ ሳምንት በፊት አንድ ሰው ከየቤቱ ሁለት ሶስት መስመር ይሰብስብ፣ ማን ተመረቀ፣ ማን ቤት ቀየረ፣ ማን ወለደ፣ ማን ታሞ ዳነ፣ አንድ አጭር ደብዳቤ ይውጣውና ለሁሉም ይላክ። ማንበብ ለሚያስቸግራቸው አያቶች ያንኑ በቮይስ አንብባችሁ ላኩ፣ ከሁሉ የሚሻለው ግን ልጆቹ ራሳቸው በድምፃቸው ቢናገሩት ነው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እናገራለሁ፣ ዜና ባለቤት አለው። እርግዝና፣ ቀለበት፣ ፍቺ፣ ስራ ማጣት፣ የሀኪም ውጤት፣ እነዚህን ባለቤቱ "ተናገር" ሳይል ማንም አይናገርም፣ እናትም ብትሆን በደስታ ብዛት። መጀመሪያ የሚሰሙት ወላጆችና እህት ወንድሞች ይሁኑ፣ በስልክ ወይ በአካል፣ ከዛ ነው ግሩፕ። ሞት ደሞ በፍፁም በግሩፕ መልዕክት አይነገርም፣ ሰው ብቻውን መንገድ ላይ ቆሞ ስልኩን ከፍቶ እንዲያነበው አትፍረዱበት፣ አጠገቡ ሰው ባለበት ይነገረው። በዚህ ዓመት ሰው የሞተባቸው ካሉ ከበዓሉ በፊት ቀስ ብላችሁ ጠይቁ፣ ስሙ ጠረጴዛው ላይ እንዲነሳ ይፈልጋሉ ወይስ አይፈልጉም፣ አንዳንዱ ሰው ስሙ ካልተነሳ የተረሳበት ይመስለዋል፣ ሌላው ደሞ ያን ቀን ማልቀስ አይፈልግም። ሳይጠየቅ አይታወቅም።

ውጪ ላሉት ቪዲዮ ኮል የምታደርጉ ከሆነ ሰዓቱን ቀድማችሁ ተስማሙ፣ የማን አገር ሰዓት እንደሆነም ፃፉ። ምግብ ሳይቀርብ በፊት ይሁን፣ ሲበላ ከሆነ ስልኩ ከእጅ እጅ ሲዞር ምግቡ ይቀዘቅዛል፣ እዛ ያለው ሰውም ሰው ሲጎርስ እያየ ይከፋዋል። በተራ አስር አስር ደቂቃ ከአንድ ሁለት ሰው ጋር ቢያወራ ሃያ ሰው አንዴ ከሚጮህበት ይሻላል።

ፎቶ ላይ፣ የሌላ ሰው ልጅ ፎቶ ወላጁን ሳትጠይቁ ህዝብ የሚያየው ቦታ ፖስት አታድርጉ፣ ቤተሰቡ በሙሉ ለሳምንት ከቤት እንደወጣም ከመመለሳችሁ በፊት አትፃፉ፣ ቤቱ ባዶ ነው ብሎ ማወጅ ነው። ለግሩፑም ሁለት መቶ ፎቶ ከማፍሰስ ሁሉም ሰው ቢያንስ አንዴ የታየበት አስራ አምስት ሃያ ምረጡ። ስልክ የሌላቸው ወይ ዓይናቸው የደከመ ዘመዶች ካሉ ሁለቱን ሶስቱን አሳጥባችሁ ከኋላው ስምና ቀን ፃፉበትና በቀጣዩ የሚሄድ ሰው ይውሰድላቸው።