ላባ፣ ቅርፊትና ቆዳ በጣት እንዴት ይመረመራሉ?

ለልጆች ሳይንስ ሳስተምር፣ ስለ እንስሳት ሽፋን አንድ ቃል ከመናገሬ በፊት በእጃቸው እንዲዳስሱ አደርጋለሁ፤ መጀመሪያ ከራስ ወደ ጅራት፣ ከዚያ ከጅራት ወደ ራስ። በአንዱ በኩል ለስልሶ በሌላው ከሻከረ፣ እንስሳው ወዴት እንደሚሄድ ሽፋኑ ራሱ ይናገራል። ሽፋን መከላከያ ብቻ ተደርጎ ሲነገር ቅር ይለኛል፤ ለመንቀሳቀስም ያገለግላላ!

ከላባ ጀምሩ። ወድቆ የተገኘ የክንፍ ላባ ይሁን፤ የደረቱ ለስላሳ ላባ ሥራው ሙቀት መያዝ ስለሆነ ለዚህ አይመችም። ከመሃሉ አገዳ ግራና ቀኙን አስተያዩ፤ ብዙ ጊዜ አንዱ ጎን ጠባብ፣ ሌላው ሰፊ ነው። በበረራ ጊዜ ነፋሱን ቀድሞ የሚቀበለው ጠባቡ ነው። አሁን ሰፊውን ጎን ሰንጥቁት። የተበላሸ ይመስላል። ግን አይዟችሁ፣ በሁለት ጣት ያዝ አድርጋችሁ ከሥሩ ወደ ጫፉ ቀስ ብላችሁ አሻሹት፤ እንደ ዚፕ መልሶ ይገጥማል። ከአገዳው የወጡት ክሮች የየራሳቸው ቅርንጫፍ አላቸው፤ ቅርንጫፎቹን የሚያያይዙት መንጠቆዎች በጣም ደቃቅ ስለሆኑ በደንብ ለማየት ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል። ወፍ በመንቁሯ ላባዋን ስታበጥር ይህንኑ ነው የምታደርገው፤ ላባው ተሰነጣጥቆ ከቀረ አየር ያሾልካል፣ ክንፏም በደንብ አይሸከማትም።

ቀጥሎ ዓሣ። ቅርፊቶቹ እየተደራረቡ ወደ ጅራት ተኝተዋል፤ ጣታችሁን ወደ ራስ ስትገፉ ጫፋቸው ይይዛችኋል። ከሞተ ዓሣ አንዷን ነቅላችሁ፣ አጥባችሁ በብርሃን ፊት በአጉሊ መነፅር እዩ። ቀለበቶች አሉባት። ዓሣ ሲያድግ ቅርፊቶቹ አብረውት ይሰፋሉ፤ እድገቱ በዘገየበት ወቅት ቀለበቶቹ ይጠጋጋሉ። የሚያሟልጨው ፈሳሽም ጀርም ይከላከላል፣ ሰበቃንም ይቀንሳል።

ሕያው እባብ አትንኩ፤ የጣለው ቆዳ ይበቃል። እባብ ቆዳውን ከከንፈሩ ጀምሮ ወደ ኋላ ስለሚያወልቅ ብዙ ጊዜ ተገልብጦ ነው የሚገኘው። ለብ ባለ ውሃ ነክራችሁ መልሱትና ሆዱን ፈልጉ፤ የጀርባው ቅርፊት ትንንሽ ሲሆን የሆዱ ግን ከጎን እስከ ጎን የሚደርስ ሰፊ ነው። የኋላ ጠርዙ መሬቱን ቆንጥጦ ወደ ኋላ መንሸራተትን ይከለክላል። ዓይኑ ቆብ ስለሌለው በብርሃን አስተላላፊ ቅርፊት ይሸፈናል፤ እሱም አብሮ ይወልቃል።

እኔ ግን ከሁሉም የምወደው የምድር ትልን ነው። ምንም የሌለው ራቁት ይመስላል። ደረቅ ወረቀት ላይ ለአፍታ አስቀምጡትና ጆሯችሁን አስጠጉ፤ ሲሳብ ወረቀቱን ሲቧጥጥ ይሰማል። የሚቧጥጡት በየቀለበቱ ያሉት አጫጭር ጠንካራ ጠጉሮች ናቸው፤ በብዙ ዝርያዎች በአንድ ቀለበት ላይ 8 ናቸው። ትሉ በእነሱ አፈሩን ቆንጥጦ ይይዝና ቀሪውን አካሉን ይዘረጋል። የሚተነፍሰው በቆዳው ስለሆነ ከደረቀ ይሞታል፤ እጃችሁን አርጥባችሁ ያዙት፣ ቶሎም ወደ እርጥብ አፈር መልሱት። ከዚያ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።