ተከራይ መስሎ መግባት፦ በአሜሪካ አፓርትመንቶች ሚስጥራዊ ገምጋሚ ሆኖ ለመሥራት ለሚያስቡ

በአሜሪካ ትልልቅ የአፓርትመንት ግቢዎችን የሚያስተዳድሩ ድርጅቶች፣ ቤት ሊያይ የመጣ ሰው በኪራይ ቢሯቸው (ሊዚንግ ኦፊስ) እንዴት እንደሚስተናገድ ለማወቅ ሲፈልጉ፣ ተከራይ መስሎ ገብቶ ያየውንና የሰማውን የሚጽፍላቸው ሰው በገምጋሚ ድርጅት በኩል ይልካሉ። ይህ ሰው በተለምዶ ሚስተሪ ሾፐር ይባላል። ሥራው በምግብ ቤት ወይም በሱቅ ከሚደረገው ግምገማ ይከብዳል፤ እዚያ በልቶና ደረሰኝ ይዞ መውጣት ይቻላል፣ እዚህ ግን ከአንድ ሊዚንግ ኤጀንት (ቤት አሳይቶ ከሚያከራይ ሠራተኛ) ጋር ተቀምጠው ይነጋገራሉ፣ አብረው ቤት ያያሉ፣ ከዚያም ገጾች የሚሞላ ሪፖርት ይጽፋሉ። የሚከፈለው በጉብኝት ስለሆነ የራስዎን ኪራይ ይችልልኛል ብለው የሚገቡበት ሥራ አይደለም። እኔ በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግና በቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ አካባቢ በትርፍ ጊዜዬ ስሠራው ከቆየሁ በኋላ፣ ለወገን ይጠቅማል ያልኩትን እዚህ አስፍሬአለሁ።

ከመጀመርዎ በፊት

ገምጋሚው የማንም ተቀጣሪ አይደለም፤ በግሉ እንደሚሠራ ሰው ይቆጠራል። ስለዚህ ደብልዩ-9 የተባለውን የታክስ ቅጽ ይሞላል፣ ታክሱም ከክፍያው ላይ ስለማይቆረጥለት ራሱ ያስታውቃል። ከግል ሥራ የሚያገኙት የተጣራ ገቢ በዓመት 400 ዶላር ከደረሰ፣ ከመደበኛው የገቢ ግብር በተጨማሪ በግል ሥራ ላይ የሚጣለው 15.3 በመቶ ታክስ ይመለከትዎታል። የነዱትን ማይል በየቀኑ የመዘገበ ሰው ግን ያንን ከገቢው ላይ ማስቀነስ ስለሚችል፣ በመኪናው ውስጥ ደብተር ያስቀምጥ። የሥራ ፈቃድ የሌለው ሰው «የትርፍ ሰዓት ነገር ነው» ብሎ እንዳይገባበት እመክራለሁ፤ በተለይ በኤፍ-1 ቪዛ የሚማሩ ልጆች በግል የሚሠራ ሥራም ሥራ መሆኑን እንዳይዘነጉ።

ሥራው የሚገኘው በገምጋሚ ድርጅቶቹ ድረ ገጽ ላይ በመመዝገብ ሲሆን፣ ኤም.ኤስ.ፒ.ኤ አሜሪካስ የተባለው የዘርፉ ማኅበር የአባል ድርጅቶቹን ዝርዝር ያወጣል። ለመመዝገብ ገንዘብ አይከፈልም። ገንዘብ የሚጠይቅዎት፣ ወይም እርስዎ ሳያመለክቱ «ተመርጠዋል» የሚል መልእክት በቴሌግራም ወይም በኢሜይል የሚልክልዎ ሰው አጭበርባሪ ነው ብለው ይነሡ። በጣም የተለመደው ማጭበርበር እንዲህ ነው፦ በፖስታ ቼክ ይመጣልዎታል፤ ወደ ባንክ ያስገቡታል፤ የድርሻዎን አስቀርተው በቀረው ጊፍት ካርድ ገዝተው ከጀርባው ያለውን ቁጥር እንዲልኩ፣ ወይም ገንዘቡን ለሌላ ሰው እንዲያስተላልፉ ይታዘዛሉ። ገንዘቡ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ በሂሳብዎ ላይ መታየቱ ቼኩ እውነተኛ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም፤ ሐሰተኛነቱ እስኪታወቅ ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ፣ በታወቀ ጊዜም ባንኩ ገንዘቡን የሚጠይቀው እርስዎን ነው። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ስለዚህ ማጭበርበር ደጋግሞ አስጠንቅቋል። የአፓርትመንት ገምጋሚ በሥራው ምንም ዕቃ ስለማይገዛ፣ ቼክ አስቀድሞ የሚላክበት ምክንያት የለም።

ታሪክዎን ከእውነት አያርቁ

ኤጀንቷ መቼ መግባት እንደሚፈልጉ፣ ስንት መኝታ ቤት እንደሚፈልጉ፣ በወር ስንት መክፈል እንደሚችሉ፣ ስንት ሰው እንደሚኖር፣ ውሻ ወይም ድመት እንዳለዎትና አሁን ካሉበት ለምን እንደሚለቁ መጠየቋ አይቀርም። እንዲያውም እነዚህን መጠየቋ ራሱ የሚገመገም ነገር ነው። በብዙ ግቢዎች ቤት ከማየትዎ በፊት መታወቂያ ስለሚጠየቁ የፈጠራ ስም አይያዙ፤ በድርጅቱ መመሪያ የተለየ ነገር ካልተሰጠዎት በስተቀር ስምዎ የራስዎ ይሁን፣ የሚፈጥሩት ምክንያቱንና ቀኑን ብቻ ይሁን። «የኪራይ ውሌ በሁለት ወር ውስጥ ያልቃል፣ ለሥራዬም መቅረብ ፈልጌ ነው» የሚለው ቀላል ታሪክ ከማንኛውም ድርሰት ይበልጣል። አንድ ጊዜ ያልነበረኝን ድመት አስገብቼ፣ ኤጀንቷም ድመት ወዳድ ሆና ዕድሜውን፣ ዘሩንና የሚበላውን ስትጠይቀኝ ላብ በላብ ሆኜ ወጥቻለሁ። ለዚሁ ሥራ ብቻ የሚሆን ኢሜይልና እንደ ጉግል ቮይስ ያለ ተጨማሪ ቁጥር ይክፈቱ፤ ከጉብኝቱ በኋላ የሚደወልልዎ በዚያ ነው።

በሚኖሩበት፣ ከዚህ በፊት በኖሩበት፣ ወይም የሚያውቁት ሰው በሚሠራበት ግቢ ሥራ አይቀበሉ። የኛ ሰው በብዛት በሚኖርባቸው አካባቢዎች ኤጀንቷ የጓደኛ እህት ሆና ልትገኝ ትችላለችና ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ስልኩና ጉብኝቱ

አብዛኛው ሥራ በስልክ ይጀምራል። ስልኩ ስንት ጊዜ ጠርቶ እንደተነሣ፣ ያነሣው ሰው የግቢውን ስምና የራሱን ስም መናገሩን፣ ስምዎንና ቁጥርዎን መጠየቁን፣ ቀጠሮ ለመስጠት ራሱ መነሣቱን ወይም እርስዎ መጠየቅዎን ይመዝግቡ። አንዳንዴ ድርጅቱ የሚፈልገው አንድን ኤጀንት ብቻ ነው፤ ሌላ ሰው ካነሣ ምን ማድረግ እንዳለብዎ መመሪያው ላይ ስለሚጻፍ፣ ሳያነቡ አይደውሉ።

ወደ ግቢው ሲደርሱ ከመኪናዎ ሳይወርዱ ሰዓትዎን ይዩ። ምልክቱ ከመንገድ ይታያል ወይ፣ ሣሩ ታጭዷል ወይ፣ የቆሻሻ ማጠራቀሚያው ሞልቶ ፈስሷል ወይ? ከዚያ ይግቡና ኤጀንቷ ተነሥታ መቀበሏን፣ ስሟን መናገሯን፣ ያሳየችዎት ባዶ ቤት ወይም ለማሳያ የተዘጋጀ ሞዴል ቤት ንጹሕና ሙቀቱ የተመቸ መሆኑን፣ መብራቱ መሥራቱን ያስተውሉ። ከሁሉ በላይ የሚፈለገው ግን መጨረሻው ነው፦ እርስዎ አንድ ቅሬታ ሲያነሡ፣ ለምሳሌ «ወጥ ቤቱ ጠበበኝ» ሲሉ፣ ኤጀንቷ ምን መለሰች? ቤቱን ዛሬ እንዲይዙት ጠየቀችዎት ወይስ ብሮሹር ሰጥታ ሸኘችዎት? የማመልከቻ ቅጽ እንዲሞሉ ወይም ዲፖዚት እንዲከፍሉ ብትጠይቅዎት፣ በትሕትና «ላስብበት» ብለው ይውጡ፤ አይሙሉ፣ አይክፈሉም። ማስታወሻ እሷ እያየች አይጻፍም፤ ከግቢው ወጥተው በቅርብ ቦታ መኪናዎን አቁመው ወዲያውኑ ይጻፉ።

በድብቅ ካሜራ የሚደረግ ግምገማ የተሻለ ይከፍላል፤ እዚህ ላይ ግን የክልል ሕግ ይለያያል። በሜሪላንድ ንግግርን ለመቅዳት የሁሉም ተነጋጋሪዎች ፈቃድ ያስፈልጋል፣ በቨርጂኒያና በዲሲ ግን የአንዱ ፈቃድ ይበቃል። አሌክሳንድሪያ ላይ የተለመደው ቀረጻ ድልድዩን ተሻግሮ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ወንጀል ሊሆን ስለሚችል፣ ሠራተኞቹ መቀዳታቸውን አውቀው አስቀድመው መፈረማቸውን ድርጅቱ በጽሑፍ ካላረጋገጠልዎ በሜሪላንድ ይህን ዓይነት ሥራ አይንኩ።

ሕጉን ማወቅ

እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የፍትሐዊ መኖሪያ ቤት ሕግ በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖትና በትውልድ አገር መድልዎን ሲከለክል፣ በ1974 ጾታ፣ በ1988 ደግሞ የአካል ጉዳትና ልጆች ያሉት ቤተሰብ መሆን ተጨምረውበታል። ገምጋሚው ይህን ማወቅ ያለበት ኤጀንቷን ለማጥመድ ሳይሆን የሰማውን ለመለየት ነው። አንዲት ኤጀንት አነጋገሬን ሰምታ በፈገግታ «የእናንተ ሰዎች ብዙዎቹ ከኋላ ባለው ሕንፃ ነው የሚኖሩት፣ እዚያ ይመችሻል» ብላኛለች። ደግ ንግግር ነው፣ እኔም በልቤ ደስ ብሎኝ ነበር። ይሁን እንጂ ሰውን በትውልድ አገሩ ወደ አንድ ሕንፃ መምራት ሕጉ የሚከለክለው ነው። እኔ ያደረግሁት ቃሏን እንዳለ መጻፍ ብቻ ነበር፤ «መድልዎ ፈጸመች» የሚል ፍርድ የእኔ ድርሻ አይደለም። «እዚህ ምን ዓይነት ሰዎች ይኖራሉ?» ብሎ መጠየቅም መመሪያው ካላዘዘ በስተቀር አይገባም።

መድልዎን ብቻ የሚፈትሹ ሰዎች ሌሎች ናቸው፣ የሚልኳቸውም በአብዛኛው የመብት ድርጅቶች ናቸው። በ1982 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በቨርጂኒያ በተነሣ ጉዳይ ላይ፣ ቤት የመከራየት ሐሳብ ባይኖራትም «ባዶ ቤት የለም» የሚል የሐሰት መልስ የተሰጣት ጥቁር ፈታሽ በራሷ ስም መክሰስ እንደምትችል ወስኗል። ሁለቱን ሥራዎች አያደባልቁ።

ሪፖርቱና ይሉኝታ

ብዙዎቻችን የምንወድቀው እዚህ ነው። ሪፖርቱ የኤጀንቷ ስም ያለበትና አለቃዋ የሚያነበው ስለሆነ፣ «የሰው እንጀራ ላይ እንዴት እጄን አሳርፋለሁ» የሚል ይሉኝታ ይይዘንና ያላየነውን ደግነት እንጽፋለን፤ ወይም በተቃራኒው ንቆኛል ብለን ያኮረፍንበትን ሰው በቅጽል እንገርፈዋለን። የሁለቱም መድኃኒት ያው ነው፤ የታየውን በሰዓቱና በቃሉ መጻፍ። «የተሰላቸች ትመስላለች» ማለት አስተያየት ነው። «በ10፡42 ገባሁ። ከኮምፒውተሯ ቀና ሳትል ‹አንድ ደቂቃ› አለችኝ። በ10፡46 ተነሥታ ስሟን ነገረችኝና ይቅርታ ጠየቀችኝ» ቢባል ግን አንባቢው ራሱ ይፈርዳል፤ ይቅርታ መጠየቋም ሳይቀር ስለተመዘገበላት ሚዛኑ ይጠበቃል። መልካም የሠራውንም በዚሁ ዓይነት ዝርዝር ይጻፉለት፤ «ጎበዝ ናት» ከሚል ቃል ይልቅ ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዛ እስከ መኪናዎ መሸኘቷ ይጠቅማታል።

ሰዓቱን በአሜሪካ አቆጣጠር ይጻፉ፤ ይህ ቀልድ አይደለም። በመጀመሪያው ሪፖርቴ ማስታወሻዬን በአማርኛ ይዤ ስለነበር 4፡40 እንዳለ ገልብጬው፣ «የቀጠሮሽ ሰዓት 10፡30 ሆኖ እንዴት በ4፡40 ደረስሽ?» የሚል ጥያቄ ሪፖርቱን ከሚያየው የገምጋሚ ድርጅቱ አርታኢ መጥቶልኛል።

ሪፖርቱ ብዙውን ጊዜ በማግስቱ ይፈለጋል፤ አርታኢው ጥያቄ ሲልክ ሳይዘገዩ ይመልሱ፣ ማስታወሻዎንም ክፍያው ገብቶ እስኪያልቅ አይጣሉ። በሚቀጥሉት ቀናት ኤጀንቷ መደወሏ ወይም ኢሜይል መላኳ የግምገማው ክፍል ሊሆን ስለሚችል፣ የደረሰበትን ቀንና ሰዓት መዝግበው ለድርጅቱ ያሳውቁ። ደጋግማ ከደወለች ደግሞ ጊዜዋን አያባክኑ፤ ሌላ ቦታ እንደወሰኑ በአጭሩ ነግረው ያመስግኗት።