የአያት ጠመንጃ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ሰበቡና መላው

ከቢቸና እስከ ቡሬ ከአያት የወረሱት ጠመንጃ ያላቸው ቤቶች ጥቂት አይደሉም። ፈቃዱ ካለ (ያለ ፈቃድ መያዝ በአዋጅ 1177/2012 ያስጠይቃል) ጣጣው የሚጀምረው ጥይት ሲፈለግለት ነው።

ጥይቱን አልጎርስ ካለ፦ ብዙ ጊዜ ጥይቱ የእሱ አይደለም። «ስምንት ሚሊ ነው» መባሉ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። የፈረንሳዩ ለቤል፣ የኦስትሪያው ማንሊኸር፣ የጀርመኑ ማውዘር ሁሉም ስምንት ሚሊ ይባላሉ። ቀለሃቸው (ባሩዱን የሚይዘው ቅርፊት) ግን ለየቅል ነው። ማውዘሩ ራሱ ሁለት ዓይነት ነው፤ የድሮው እርሳስ (ከአፈሙዝ የሚወጣው የጥይቱ ጫፍ) 8.07 ሚሊ፣ ኋላ የመጣው 8.2 ሚሊ ገደማ ይወፍራል። ልዩነቱ በዓይን አይታይም። ወፍራሙን በጠባቡ በርሜል መተኮስ ግን ግፊቱን ከልክ በላይ ያንረዋል። ስለዚህ መታ መታ አድርጎ ማስገባት የለም። በብረቱ ላይ የተቀረጸውን ጽሑፍ አንብቡ፣ የቀለሃውን ርዝመትና የእርሳሱን ውፍረት በካሊፐር (ቅንጣት በሚለይ መለኪያ) አስለኩ። ካልተለየ አይተኮስም፣ በቃ።

ቀለሃው ተሰንጥቆ ወይም ቂጡ አካባቢ የሚያብረቀርቅ ቀለበት ይዞ ከወጣ፦ እኔን የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው። መቀርቀሪያው ጥይቱን ጠበቅ አድርጎ አልያዘውም። ወይ አልቋል፣ ወይ ከሌላ ጠመንጃ የመጣ ነው። ማውዘር ላይ የመቀርቀሪያውንና የአካሉን ቁጥር አስተያዩ። ቢገጥምም ቀለበቱ ከታየ መተኮሱን አቁሙ። ቶርኖ ቤት «በብየዳ እንሞላዋለን» ይሏችኋል። እሺ እንዳትሉ! የብየዳው ሙቀት የብረቱን ጥንካሬ ያበላሸዋል፣ የሚፈነዳው ደግሞ ፊታችሁ ላይ ነው።

ዒላማው ላይ ቀዳዳው ሞላላ ከሆነ፦ እርሳሱ እየተገለባበጠ ነው። የበርሜሉ ጥምዝ (እርሳሱን የሚያሽከረክረው የውስጥ ቦይ) አልቋል ወይም እርሳሱ ቀጥኖበታል። ለአሮጌ መሳሪያ አዲስ በርሜል መፈለግ ወጪ ብቻ ነው።

ምላጩ ተስቦ ዝም ካለ፦ ከሸፈ ብላችሁ ወዲያው አትክፈቱት። ያረጀ ጥይት ዘግይቶ ሊፈነዳ ይችላል። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙራችሁ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ጠብቁ።

ተተኩሶ ባደረ ማግስት ከዛገ፦ የድሮ ጥይት ማቀጣጠያ ጨው ይተዋል፤ ጨው እርጥበት ይስባል፣ በክረምት ደግሞ ይብሳል። ዘይት ጨው አያጥብም። መጀመሪያ የፈላ ውሃ አፍስሱበት፣ አድርቁት፣ ከዚያ ዘይት ቀቡት።

ውጅግራ (የፈረንሳዩ ግራ ጠመንጃ) ያላችሁ ደግሞ፦ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1874 የወጣ፣ ለጥቁር ባሩድ የተሠራ 11 ሚሊ ነው። በአሁን ዘመን ባሩድ የተሞላ ጥይት አታጉርሱት። እሱ ግድግዳ ላይ ያምራል።