ቡችላው በር ሳይገባ የሚሠሩ ስህተቶች

ቡችላ ሞቶበት በሳምንቱ ሌላ የሚያመጣ ሰው ብዙ ነው። ልጆቹ ያለቅሳሉ፣ ቤቱ ጭር ይላል፣ አባት መንገድ ዳር ከሚሸጡት አንዱን አቅፎ ይገባል። አዲሱም በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ቀን ምግብ ይተዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ከዚያም ደም የቀላቀለ፣ ሽታው የሚከብድ ተቅማጥ ይይዘዋል። ያኔ «ይሄ ግቢ ውሻ አይበጅለትም» ይባላል። ግቢው ውስጥ ያለው ፓርቮ የሚባል ቫይረስ ነው። ከታመመው ቡችላ ዓይነ ምድር ወጥቶ ሲሚንቶው ላይ፣ ሳህኑ ላይ፣ ጫማ ሥር ለወራት ይቆያል፤ ጥላ ባለው እርጥብ አፈር ውስጥ ደግሞ ዓመት ሊደርስ ይችላል። በሳሙናና በአልኮል አይሞትም።

በረኪና ይገድለዋል፤ ግን በሥርዓቱ ሲሠራበት ነው። መጀመሪያ ወለሉን በሳሙና አጥቡ፤ ቆሻሻ ካለ በረኪናው ኃይሉን እዚያው ይጨርሳል። ቀጥሎ አንድ ሲኒ በረኪና በ30 ሲኒ ውሃ በጥብጣችሁ አፍስሱ፣ ሳይደርቅ 10 ደቂቃ አቆዩት፣ ከዚያ አለቅልቁ። ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር አትቀላቅሉት፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። የሞተው የተኛበትን ጨርቅና ሳጥን አቃጥሉ። አፈር ግን በበረኪና አይጸዳም። ግቢያችሁ አፈር ከሆነ ወይ ዓመት ጠብቁ፣ ወይ ክትባቱን የጨረሰ፣ ከ4 ወር በላይ የሆነው ውሻ ፈልጉ። ይህ ሲነገራቸው የሚቀየሙ አሉ። ነገር ግን ፓርቮ የያዘው ቡችላ የሚሞተው ተሠቃይቶ ነው፤ ለልጆቹም ሁለተኛ ሐዘን ይሆናል።

«ተከትቧል» የሚለውን ቃል ብቻ አትመኑ። ካርዱ ላይ ከክትባቱ ብልቃጥ የተላጠው ወረቀት ተለጥፎ፣ ቀን ተጽፎበት ካላያችሁ እንዳልተከተበ ቁጠሩት። አንዴ መከተብም አይበቃም። ከእናቱ ጡት ያገኘው መከላከያ ክትባቱን ያከሽፈዋል፣ የሚያልቅበት ጊዜም ከቡችላ ቡችላ ይለያያል። ስለዚህ ከ6 እስከ 8 ሳምንቱ ተጀምሮ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ይደገማል፤ የመጨረሻው 16 ሳምንት ከሞላው በኋላ ይሰጣል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በ12 ሳምንቱ ነው። ክትባት ገዝቶ በኪስ ይዞ መዞር ገንዘብ መጣል ነው፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ካልቆየ ይበላሻል።

ሻጮች በ4 ወይም በ5 ሳምንቱ ያወጡታል፤ «ትንሽ ሲሆን ቶሎ ይለምዳል» ይላሉ። ከ8 ሳምንት በፊት ከእናቱና ከወንድሞቹ የተለየ ግን የንክሻን ልክ ሳይማር ይቀራል። አፉን ክፈቱ፦ በ8 ሳምንቱ 28 የወተት ጥርሶች ይኖሩታል፤ የመንጋጋው ድድ ባዶ ከሆነ ገና ነው። ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ጎድኑ የሚቆጠር ከሆነ ደግሞ የጠገበ አይምሰላችሁ፣ ወስፋት ነው። ወስፋት በማህፀንና በጡት ስለሚተላለፍ ንጹሕ ቤት የተወለደም አያመልጠውም። መድኃኒቱ በክብደት ስለሚለካ መዝኑት፤ እስከ 8 ሳምንት በየ2 ሳምንቱ፣ ከዚያ እስከ 6 ወር በየወሩ ይሰጠዋል።

ወጥ የነካው እንጀራ አትስጡት፤ ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም፣ ቢበስልም ባይበስልም፣ ቀይ የደም ሕዋሱን ያፈርሳል። የላም ወተት ያስቀምጠዋል። የዶሮ አጥንት አይሆንም። ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን በፍጹም። ትልቁ ጥፋት የሚሠራው ግን በበዓልና በቅርጫ ቀን ነው፦ የታረደው ከብት ሳንባ ወይም ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሲገኝ «ለውሻው» ተብሎ ይወረወራል። ያ ከረጢት ውሻው አንጀት ውስጥ ትል ይሆናል፤ የትሉ እንቁላል ከፀጉሩ ወደ ልጆች እጅ፣ ከእጅ ወደ አፍ ሄዶ በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥ ያንኑ ከረጢት ይሠራል። ከረጢት ያለበትን ሳንባና ጉበት ቢያንስ 40 ደቂቃ ቀቅሉት ወይም በጥልቅ ቅበሩት።

ቤት ውስጥ ሲሸና አፍንጫውን ሽንቱ ላይ ማሸት ተደብቆ መሽናትን እንጂ ሌላ አያስተምረውም። ሲነቃ፣ በልቶ ሲጨርስ፣ ተጫውቶ ሲያበቃ፣ በመሀልም በየ2 ሰዓቱ ወደ አንድ ቦታ አውጡት፤ ሸንቶ እንደጨረሰ እዚያው ትንሽ የሚበላ ስጡት። የሸናበትን ወለል እኩል በተቀላቀለ አቼቶና ውሃ ጥረጉ፤ ሽታው ከቀረ ነገም እዚያው ይመለሳል። ቀን ማን እንደሚያወጣው ሳይመጣ ተነጋገሩ።

በረንዳ ሲሚንቶ ላይ አታሳድሩት።

«ኃይለኛ እንዲሆን» ብሎ ገና ከመጣበት ቀን በሰንሰለት ማሰር ደግሞ ክፉ ልማድ ነው። ከ3 እስከ 14 ሳምንቱ ያላየው ነገር ሲያድግ ያስፈራዋል፤ የፈራ ውሻ ሌባን ከጎረቤት ልጅ አይለይም። ክትባቱ እስኪያልቅ መሬት ሳታስነኩት አቅፋችሁ መኪና፣ ሕፃን፣ ጃንጥላ የያዘ ሰው፣ ቄስ፣ ጥበቃ አሳዩት። የአንገት ማሰሪያውንም በየሳምንቱ ፈትሹ። ሁለት ጣት ካላስገባ ጠብቧል፤ ፀጉሩ ስለሚሸፍነው፣ ቆዳው ቆስሎ ማሰሪያው ሥጋ ውስጥ ሰጥሞ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ሲሸት ነው።