ወርቁን በጆሮ ፈልጉት

ከቱሉ ዲምቱ ወደ መሃል ከተማ ስትሄዱ ታክሲ ውስጥ ጊዜ ሞልቷል። ዘፈን ከተከፈተ ግጥሙን ስልካችሁ ላይ አትፈልጉ፤ ጆሯችሁን ስጡት። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ ብዙ ሰምና ወርቅ የሚደበቀው ደግሞ እዚያው ነው።

«ናፍቀሽኝ ብመጣ ገና ነው አልሽኝ» የሚል ስንኝ እንበል። (እኔው የገጣጠምኳት ናት፣ አትሳቁ።) «ና» ስትጠብቅ በዓሉ ነው፤ ዶሮ፣ ጠላ፣ ዘመድ አዝማድ። ስትላላ ግን ልጁ ደጅ ላይ ቀርቷል። ሰሙ ድግስ፣ ወርቁ «ቆይ» መባል።

የጠረጠራችሁትን ቃል አንዴ አጥብቃችሁ፣ አንዴ አላልታችሁ ለራሳችሁ በሉት። ካልሆነ ለሁለት ቆርጣችሁ ወይም ከጎረቤቱ ቃል ጋር ገጥማችሁ ሞክሩ። ያገኛችሁት ትርጉም ከቀጣዩ ስንኝ ጋር ካልሄደ ግን ተዉት፤ ዘፋኙም አላሰበው ይሆናል።